ፓይተን 3.15 በሙከራ እትሙ፦ በግዕዝ ፊደል ለሚጽፍ ሰው የቀረበ ግምገማ

ፓይተን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሲሆን፣ 3.15 ገና በሙከራ ደረጃ ላይ ያለ እትሙ ነው። ስለ እርሱ በብዛት የሚወራው ስለ ፍጥነትና ስለ አዳዲስ የኮድ አጻጻፍ ስልቶች ቢሆንም፣ በአማርኛ ለምንሠራ ሰዎች ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ብዙዎች በአንድ መስመር የሚያልፉት ነው፤ ከዚህ እትም ጀምሮ ፓይተን ፋይል ሲከፍት ኮምፒዩተሩ በየትኛው ቋንቋ እንደተዘጋጀ ሳይጠይቅ የዓለምን ፊደላት ሁሉ በሚይዘው የአጻጻፍ ኮድ በዩቲኤፍ-8 ያነባል፣ በዩቲኤፍ-8 ይጽፋል። እትሙን የሞከርሁት ባሕር ዳር ውስጥ፣ በአሜሪካ እንግሊዝኛ በተዘጋጀ ዊንዶውስ በሚሠራ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ነው። ትልልቅ ሰርቨር ለሚያስተዳድሩ ሰዎች የሚጠቅመውን ሁሉ ስላልዳሰስሁ፣ አንባቢ ግምገማውን ከአንድ አነስተኛ ተጠቃሚ እንደመጣ አድርጎ ቢያነበው ይሻላል።

ችግሩ የቆየ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚሰጠው መስፈርት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ፓይተን 3.0 ደግሞ ጽሑፍን ሁሉ በዩኒኮድ ስለሚይዝና የኮዱን ፋይል ራሱን በዩቲኤፍ-8 ስለሚያነብ፣ በፕሮግራሙ ውስጥ የምንጽፈው አማርኛ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ያለ እንከን ይሠራል። ችግር የሚፈጠረው ጽሑፉ ከፕሮግራሙ ወጥቶ ወደ ፋይል ሲገባ ወይም ከፋይል ሲነበብ ነበር። ፋይል የሚከፍተው «ኦፕን» የተባለው ተግባር (ፈንክሽን) ኢንኮዲንግ፣ ማለትም ፊደላቱ በባይት የተጻፉበት ዘዴ፣ ካልተነገረው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ይጠይቃል፤ ሊኑክስና ማክ አብዛኛውን ጊዜ ዩቲኤፍ-8 ብለው ስለሚመልሱ የእነርሱ ተጠቃሚዎች ነገሩን ሳያውቁት ኖረዋል። እንደ እኔ ያለው ዊንዶውስ ግን የሚመልሰው 1252 የተባለውን የምዕራብ አውሮፓ ፊደላት ሠንጠረዥ ነው፤ በዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ አንድም የግዕዝ ፊደል የለም። በዙሪያዬ ፕሮግራሚንግ የሚማሩ ወጣቶች አብዛኞቹ የሚጠቀሙት ዊንዶውስ በመሆኑ፣ የመጀመሪያውን የአማርኛ ፋይላቸውን ለማንበብ ሲሞክሩ የሚገጥማቸው ይኸው ነው።

ለውጡን በቅርብ ለማየት በጣና ሐይቅ ላይ ጎብኚ የሚያመላልሱ ጀልባዎች የሚደርሱባቸውን ገዳማት ስም በኖትፓድ ጽፌ፣ እያንዳንዱን ስም በየራሱ ፋይል በዩቲኤፍ-8 አስቀመጥሁ። በመጀመሪያ በቀድሞው 3.14 ኢንኮዲንግ ሳልጠቅስ አነበብኋቸው። «ናርጋ ሥላሴ» ያለ ምንም ስሕተት መልእክት ተነበበ፤ ነገር ግን የተነበበው ስሙ ሳይሆን የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ድርድር ነበር። ምክንያቱም እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት የሚወስድ ሲሆን፣ ሠንጠረዥ 1252 እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ ራሱን የቻለ ምልክት ስለሚቆጥር ነው። «ጣና» የሚለውን ቃል ብንወስድ፣ «ጣ» ብቻዋን ጭረት ያለባት የላቲን «ኤ»፣ ተጣብቀው የተጻፉ «ኦ» እና «ኢ»፣ በመጨረሻም የእንግሊዝ ፓውንድ ምልክት ሆና ትወጣለች፤ ሐይቃችን በውጭ ምንዛሬ ተተመነ ማለት ነው።

«ክብራን ገብርኤል» ግን ጨርሶ አልተነበበም። የመጨረሻዋ ፊደል «ል» ከያዘቻቸው ሦስት ባይቶች አንዱ በሠንጠረዥ 1252 ውስጥ ምንም ምልክት ስላልተመደበለት ፓይተን እዚያ ላይ ስሕተት አውጥቶ አቆመ። «ዳጋ እስጢፋኖስ» ላይም እንዲሁ «ፋ» ላይ ሲደርስ ቆመ፤ የ«ፀ»፣ የ«ፈ» እና የ«ፐ» ፊደላት፣ የግዕዝ አኃዞች፣ አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝም ሳይቀሩ ያንኑ ያልተመደበ ባይት በመካከላቸው ይዘዋል። በዚህም የተነሣ በአራት ነጥብ በሥርዓቱ የተዘጋ አማርኛ ሁሉ በስሕተት ሲመለስ፣ ሥርዓተ ነጥብ የሌለው የስም ዝርዝር ግን ተበላሽቶ ማንም ሳያውቀው ወደ ዳታቤዝ ሊገባ ይችላል። ከሁለቱ የባሰው ሁለተኛው ነው፤ ስሕተት ያወጣ ፕሮግራም ቢያንስ መቆሙ ይታወቃል።

መጻፍ ደግሞ ከማንበብም የከፋ ነበር። ፕሮግራሙ ነባሩን ፋይል አዲስ ሊጽፍበት ሲከፍተው ይዘቱ በዚያው ቅጽበት ይጠፋል፤ ከዚያ የመጀመሪያውን የግዕዝ ፊደል ለመጻፍ ሲሞክር ሠንጠረዡ አልቀበልም ስለሚል ስሕተት ይወጣና ፋይሉ ባዶውን ይቀራል። የተርሚናሉ መስኮት ከ3.6 ጀምሮ አማርኛን በትክክል ስለሚቀበል፣ «ስክሪኑ ላይ በደንብ እያሳየ ፋይል ላይ ለምን እምቢ ይላል?» የሚለው የጀማሪዎች ጥያቄ ከዚሁ የመጣ ነው።

በ3.15 ያንኑ ኮድ አንዲት ፊደል ሳልለውጥበት አስኬድሁት፤ የሁሉም ገዳማት ስም በትክክል ተነበበ፣ በትክክልም ተጻፈ። ውጤቱን ከተርሚናል ወደ ፋይል ስመራውም፣ ቀድሞ የሚወድቀው ሥራ ያለ ችግር ተፈጸመ። ለውጡ ግን የአንድ ቀን ሥራ አልነበረም። በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.7 ላይ ተጠቃሚው ወድዶ የሚያበራው የዩቲኤፍ-8 ሞድ ገባ፤ በ2021 በወጣው 3.10 ላይ ኢንኮዲንግ ያልተጠቀሰባቸውን ቦታዎች የሚጠቁም ማስጠንቀቂያ ተጨመረ፤ ቀጥሎም ኢናዳ ናኦኪ የተባለው ጃፓናዊ የፓይተን ገንቢ ሞዱ ለሁሉም ነባሪ እንዲሆን፣ ማለትም ማንም ሳያበራው እንዲሠራ፣ ያቀረበው ሐሳብ በ2022 ጸድቆ ለ3.15 ተቀጠረ። ሐሳቡ ሲጸድቅ ለነባር ኮድ ባለቤቶች ረጅም ጊዜ መሰጠቱን አደንቃለሁ፤ ይሁን እንጂ ከላቲን ውጭ በሆነ ፊደል ለምንጽፍ ሰዎች ጥበቃው መርዘሙን መካድ አይቻልም።

ለውጡ ሁሉን ነገር ይፈታል ብሎ መጠበቅ ግን አይገባም። በ3.15 የተጻፈ የሲኤስቪ ፋይል (ሠንጠረዥን በኮማ ለይቶ የሚይዝ የጽሑፍ ፋይል) በኤክሴል በቀጥታ ሲከፈት አማርኛው አሁንም ሊበላሽ ይችላል፤ ኤክሴል ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን የሚያውቅበት ምልክት በፋይሉ መጀመሪያ ላይ ስለሚፈልግ፣ ለኤክሴል በሚሰጥ ፋይል ላይ «ዩቲኤፍ-8-ሲግ» የተባለውን ኢንኮዲንግ መጥቀስ ግድ ነው። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ፋይሎችም በየቢሮው ተከማችተው ይገኛሉ። እነዚያ ፋይሎች ውስጣቸው የላቲን ኮድ ሆኖ አማርኛ የሚመስሉት በፎንቱ ብቻ ስለሆነ፣ በቀድሞው ፓይተን ላይ በሠንጠረዥ 1252 ያለ ስሕተት እያነበበ ወደ ዩኒኮድ ይለውጣቸው የነበረ ፕሮግራም በአዲሱ ላይ ስሕተት ሊያወጣ ይችላል። እንዲህ ያለ ሥራ ያለው ሰው ኢንኮዲንጉን በስሙ መጥቀስ አለበት፤ ወይም «ሎካል» (locale) የሚለውን ዋጋ ሰጥቶ የድሮውን አሠራር መመለስ ይችላል።

ሁለተኛው የወደድሁት ለውጥ ሞጁሎችን (ፕሮግራሙ ከሌላ ፋይል የሚጠራቸውን የኮድ ክፍሎች) እስኪፈለጉ ድረስ ሳይጭኑ ማቆየት ነው። አንድ ፕሮግራም ዝርዝር የሚያሳይ፣ ሠንጠረዥ የሚሥልና በኢንተርኔት የሚልክ ክፍል ቢኖረው፣ እስከ ዛሬ ድረስ ሲነሣ ሦስቱንም ይጭናል፤ ተጠቃሚው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ዝርዝሩን አይቶ መዝጋት ነው። በአዲሱ አሠራር ሞጁል በሚጠራው «ኢምፖርት» በሚለው ቃል ፊት «ሌዚ» (ሰነፍ) የሚል ቃል ከተጨመረ ሞጁሉ የሚጫነው በእርግጥ የተጠቀሙበት ጊዜ ብቻ ነው። እንደ እኔ በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ለሚሠራ ሰው፣ በተለይ መብራት ሄዶ ተመልሶ ማሽኑ እንደገና ከተነሣ በኋላ በሚደረገው የመጀመሪያ ማስነሣት ላይ፣ ልዩነቱ በዓይን የሚታይ ነው።

ሆኖም ዋጋ አለው። ሞጁሉ ያልተጫነ ወይም ስሙ የተሳሳተ ከሆነ ስሕተቱ የሚወጣው ፕሮግራሙ ሲነሣ ሳይሆን ሞጁሉ መጀመሪያ የተነካበት ቦታ ላይ ነው፤ ስለዚህ ጠዋት በሰላም የተነሣ ፕሮግራም ከሰዓት በኋላ ሪፖርት ሲጠየቅ ሊወድቅ ይችላል። የስሕተት መልእክቱ ሞጁሉ የታዘዘበትንም የተነካበትንም መስመር አብሮ ማሳየቱ ፍለጋውን ያቀለዋል። «ሌዚ» የሚለው ቃል በፈንክሽን ውስጥ፣ በክላስ ውስጥና ስሕተት በሚይዘው በ«ትራይ» ውስጥ አይፈቀድም። በ2022 ሁሉንም ኢምፖርት በአንድ ጊዜ ሰነፍ ለማድረግ የቀረበው ቀዳሚ ሐሳብ ውድቅ ሆኖ፣ አሁን ግን ፕሮግራመሩ ራሱ እየመረጠ እንዲጽፈው መደረጉ ትክክለኛ ውሳኔ ይመስለኛል፤ ኮዱን የሚያነብ ሰው የትኛው ሞጁል እንደሚዘገይ በዓይኑ ያያል።

በሥራ ላይ ያለን ፕሮግራም ሳያቆሙ የቱ ክፍሉ ጊዜ እንደሚወስድ በናሙና የሚለካ አዲስ መሣሪያም መጥቷል። ለሰርቨር ሠራተኞች ትልቅ ነገር ነው፤ የእኔ ሥራ ግን የሚዘገየው በአብዛኛው በኔትወርኩ ምክንያት ስለሆነ ሞክሬው ከማለፍ በቀር ብዙ አልተጠቀምሁበትም። የስሕተት መልእክቶቹ ይበልጥ አስተዋይ ሆነዋል፤ አንድ ባሕርይ (አትሪቢዩት) በዕቃው (በኦብጀክቱ) ላይ ሳይሆን በውስጡ ባለ ሌላ ዕቃ ላይ ቢገኝ «ይህን ማለትዎ ነው?» ብለው መንገዱን ይጠቁማሉ። ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ እየለወጠ የሚያፈጥነው ክፍልም እየተሻሻለ ነው ይባላል፤ በእኔ አነስተኛ ፕሮግራሞች ላይ ለውጡ አልታወቀኝም።

ለመጫን የሚያስቸግር ነገር የለም። የዊንዶውሱ ማውረጃ 30 ሜጋባይት ገደማ ስለሆነ በሞባይል ዳታም ይወርዳል፣ ከቀድሞው እትም ጎን ተቀምጦም አንዱ ሌላውን አይነካውም። ችግሩ ያለው ላይብረሪዎቹ (ሌሎች ያዘጋጇቸው የኮድ ስብስቦች) ላይ ነው፤ እንደ ነምፓይና ፓንዳስ ያሉት በሲ ቋንቋ የተጻፈ ክፍል ያላቸው ላይብረሪዎች ለሙከራ እትም ተዘጋጅተው ስለማይጠብቁ፣ ላይብረሪ የሚጭነው ፒፕ ከምንጭ ኮዳቸው ሊገነባቸው ይሞክርና ኮምፓይለር (ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጥ ፕሮግራም) በሌለበት ማሽን ላይ በረጅም ቀይ ጽሑፍ ይቆማል። ስለዚህ ዳታ ለሚተነትን ተማሪ አሁን እንዲጭነው አልመክርም። የደንበኛ ሥራ በሚካሄድበት ማሽን ላይ መጠቀም ደግሞ ጨርሶ ተገቢ አይደለም፤ በአልፋ (በመጀመሪያው የሙከራ) ደረጃ የገባ ነገር ከመጨረሻው እትም በፊት ሊለወጥ ወይም ሊወጣ ይችላል። የመጨረሻው እትም የታቀደው ለኦክቶበር 1 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 21 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ የግሸን ማርያም ዕለት ነው።

እስከዚያ ድረስ በ3.14ም ሆነ ከዚያ በፊት ባሉት እትሞች ላይ ያለ ሰው ተመሳሳይ ጥቅም ለማግኘት መጠበቅ የለበትም። በዊንዶውሱ የሲስተም ማስተካከያ ውስጥ «ፓይተን ዩቲኤፍ8» (PYTHONUTF8) የተባለውን፣ በላቲን ትልልቅ ፊደላት ያለ ክፍተት የሚጻፈውን ተለዋዋጭ ፈጥሮ ዋጋውን 1 ቢያደርገው፣ ከ3.7 ወዲህ ያለ ማንኛውም ፓይተን የአማርኛ ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 ይከፍትለታል። ኮዱን ለሌላ ሰው የሚሰጥ ከሆነ ግን፣ የዚያ ሰው ማሽን ላይ የትኛው እትም እንዳለ ስለማይታወቅ፣ በእያንዳንዱ «ኦፕን» ላይ ኢንኮዲንጉን በግልጽ መጻፉን 3.15 ከወጣ በኋላም ለጥቂት ዓመታት መተው የለበትም።