ለበሶ ኩኪስ ማያያዣው ቴምር ይሻላል ወይስ ማር?

ሳይጋገር ለሚሠራ ኩኪስ በሶ ጥሩ ነው፤ ገብሱ አስቀድሞ ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ። ጥሬ የስንዴ ዱቄት ግን አትተኩበት፤ ባክቴሪያ ሊኖረው ይችላል። የሚያከራክረው ማያያዣው ነው።

ወጪ፦ ቴምር ይረክሳል፣ በተለይ ዐረብ አገር ላላችሁ። ንጹሕ ማር ውድ ነው፤ ስኳር የተቀላቀለበትም ያጋጥማል።

አሠራር፦ ማሩ ቀላል ነው፤ ከበሶና ከለውዝ ቅቤ ጋር ማሸት ብቻ። ቴምር ሥራ አለው፦ ዘሩን አውጥቶ፣ ለብ ባለ ውኃ 10 ደቂቃ ዘፍዝፎ፣ አጥልሎ መውቀጥ፤ ከዚያ እንደ ማሩ ከበሶውና ከለውዝ ቅቤው ጋር ማሸት። ሊጡን ስትጨብጡት ቅርጹን ከያዘ ደርሷል፤ ከተፈረፈረ ከዘፈዘፋችሁበት ውኃ አንድ ማንኪያ ጨምሩ።

ጤና፦ እዚህ ላይ ለቴምር አደላለሁ፤ ጣፋጭነቱ ከነፋይበሩ ነው። ስኳር ግን ሁለቱም ብዙ አላቸው፤ የስኳር ሕመም ያለበት ይጠንቀቅ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በፍጹም አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል።

አቀማመጥ፦ በማር የተሠራው ሙቀት ሲያገኘው ይላላል፤ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ።

ለልጆች ምሳ ዕቃና ለመንገድ ስንቅ ቴምሩን፣ እንግዳ በድንገት ሲመጣ ማሩን ያዙ።