ጉሽ ቢራ በሻንጣ ይዞ አገር ቤት መግባት

አስተናጋጁ ጠርሙሱን ወደ መብራቱ አንስቶ አየውና ፊቱ ተለዋወጠ። «ይቅርታ ጌታዬ፣ ይህኛው ደፍርሷል፤ የተበላሸ ይመስለኛል። ልቀይርልዎት?» አለኝ። በሦስት ሳምንት የአዲስ አበባ ቆይታዬ ካገኘሁት መስተንግዶ ሁሉ ይህን ጥያቄ ያህል የወደድኩት የለም። ሰውየው የስንዴ ቢራ አይቶ አያውቅም፤ ለእንግዳው ግን ያስባል። መደፍረሱ ወጉ እንደሆነ፣ ከታች የዘቀጠውም እርሾ እንጂ ቆሻሻ እንዳልሆነ ስነግረው ሳቀና «ጉሽ ነው በሉኛ!» አለ። አሥራ አራት ዓመት ሙኒክ ስኖር ለዚህ መጠጥ እንዲህ ልክክ የሚል ስም አላገኘሁለትም ነበር።

ሆቴሉን ግን፣ ስሙን ባልጠራውም፣ አላመሰግነውም። የጠርሙሱ የመጠቀሚያ ጊዜ ካለፈ ሁለት ወር ሆኖታል፤ ዋጋው ደግሞ ሦስት ድራፍት ያጠጣል። ሙኒክ ያለችበት የባቫሪያ ግዛት የስንዴ ቢራ ከብቅሉ ቢያንስ ግማሹ ስንዴ ነው፤ የሙዝና የቅርንፉድ ሽታው ግን የሚመጣው ከእርሾው ነው እንጂ ማንም ቅመም አይጨምርበትም። ሲያረጅ ያ ሽታ ይከዳዋል። የቀረበልኝ ሙዙ ጠፍቶ እርጥብ ካርቶን ካርቶን ይል ነበር። በዚያ ላይ ብርጭቆው በረዶ ለብሶ መጣ። ይህ ቢራ ሰባት ስምንት ዲግሪ ላይ ነው አፉን የሚፈታው፤ ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ ዝም ይላል። ለአስተናጋጁ አሥር ከአሥር፣ ለሆቴሉ ሦስት።

ቦሌ የሚገኘው ቢር ጋርደን የተሻለ ነበር። ራሱ ከሚጠምቃቸው ብሎንዲና ኤቦኒ ውስጥ ጥቁሩን ኤቦኒ ከጥብስ ጋር ያዝኩ። ብርጭቆው ንጹሕ ነው፤ የሳሙና ቅሪት አረፋ እንደሚገድል የሚያውቅ ሰው አጥቦታል። እኔ ግን ልቤ ስንዴው ላይ ነበር።

ደግነቱ ይህ እንደሚገጥመኝ ጠርጥሬ ስምንት ጠርሙስ ይዤ መጥቻለሁ፤ ስድስቱ የባቫሪያ፣ ሁለቱ የቤልጅየም። ግማሽ ሊትር የሚይዘው የጀርመን ጠርሙስ ከነቢራው ወደ 900 ግራም ስለሚመዝን ለዘመድ ከታሰበው ጫማና ቸኮሌት ላይ ተቀንሶለታል፤ እህቴ እስካሁን ይህን ይቅር አላለችኝም። በካልሲና በፎጣ ጠቅልዬ ሰባቱ በሰላም ገቡ። ስምንተኛው ለአጎቴ የገዛሁትን ሸሚዝ አጥቦታል፤ ጥፋቱ የእኔ አጠቀላለል ነው።

ሃያ ሁለት አካባቢ የተከራየሁት አፓርታማ «ሙሉ ወጥ ቤት አለው» ተብሎ ነበር። ሙሉው ወጥ ቤት አንድ ድስትና እጀታው የላላ ቢላዋ ሆኖ ተገኘ፤ መብራትም ሁለት ቀን ጠፋ። አከራይዋ ስልክ ታነሳለች፣ መልካም ቃልም አታጣም፣ ነገር ግን ቢላዋው አልተቀየረም። ስለዚህ 8294 ደውዬ ራይድ ጠራሁና ጠርሙሶቼን ታቅፌ ኮተቤ እናቴ ቤት ሄድኩ። ሾፌሩ ጉድጓድ ባየ ቁጥር «ጠርሙሱን!» እያለ ያስጠነቅቀኝ ነበር።

እናቴ የመጀመሪያውን ጠርሙስ አሸተተችና «ቅርንፉድ ጨምረውበታል» አለች። አልጨመሩም አልኳት፤ አላመነችኝም። የቤልጅየሙን ስትቀምስ ደግሞ «ይኸኛው ድንብላል አለው» ብላ አፏን ጠራረገች። ይኼኛውንስ በትክክል ነው ያወቀችው! የሁጋርደን መንደር ነጭ ቢራ በድንብላልና በብርቱካን ልጣጭ የሚጠመቅ ነው፤ ጠማቂዎቹ ጠፍተው ከቆዩ በኋላ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 ፒየር ሴሊስ የሚባል ሰው ነው ያስነሳው። ሙኒክ ውስጥ ገንዘብ የተቀበለኝ የቢራ ቅምሻ አስተማሪ ድንብላሉን ለማሳየት ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኛል።

ዶሮ ወጧ ላይ ጠብታ እንድጨምር ለመንኳት። «በዶሮዬ አትቀልድ» አለች፤ እሷ ራሷ ለበዓል ጠጅ ጠብ እንደምታደርግበት እያወቅኩ! የተፈቀደልኝ ድፎ ዳቦ ነው፤ ቀኑም ረቡዕ ስለሆነ ለጾሙ ተስማማ። ለአንድ ኪሎ የስንዴ ዱቄት አንድ ጠርሙስ ቢራ ከፍተን፣ ጋዙ እንዲወጣለት አቆይተን፣ በላዩ ላይ ውኃ አንድ ስኒ ተኩል ያህል ጨመርንበት። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው እርሾ ብቻውን ሊጥ አያነሣምና የዳቦ እርሾም ያስፈልጋል፤ ከዚያ ጨውና ጥቁር አዝሙድ።

እያቦካን የዚህን ቢራ ነገር አጫወትኳት። በ1516 የወጣው የባቫሪያ ሕግ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕ (የቢራ ጌሾ በሉት) እና ከውኃ ብቻ ይጠመቅ ይላል። «ስንዴው ለዳቦ እንዲተርፍ ነዋ» አለች ቀና ሳትል። ነገር ግን መስፍኖቹ ከ1602 ጀምሮ የስንዴ ቢራ የመጥመቁን መብት ለራሳቸው ጠቅልለው ያዙት፤ ጌኦርግ ሽናይደር የሚባል ጠማቂ መብቱን ያገኘው በ1872 ነው። ይህን ስትሰማ ሊጡን አንድ ጊዜ በጡጫ መታችው።

ዳቦው በኮባ ተጠቅልሎ፣ እሳት ከላይም ከታችም ተደርጎለት ወጣ። ቅርፊቱ ከወትሮው ጠቆር ያለ፣ ውስጡ ለስላሳ፣ የብቅል ጣፋጭነት ከሩቅ የሚሸት። እናቴ «ይበላል» አለች፤ ከእሷ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ሐሙስ ዕለት ቆሮሶ ዓሣ ገዝተን 150 ግራም ዱቄት በ200 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ የስንዴ ቢራ በጥብጬ ነክሬ ጠበስኩት። ለዚህኛው ጋዙ መውጣት የለበትም፤ ሽፋኑን የሚያሳብጠው እሱ ነው። ከፍታችን 2,400 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ጠርሙሱ ሲከፈት አረፋው ከሙኒክ ይልቅ ይቸኩላል፤ ጎድጓዳ ሳህን አስጠግታችሁ ክፈቱ። ከዳጣ ጋር በላነው። የከሸፈብኝ ደግሞ አለ፤ ቢራዬን ለመቆጠብ ብዬ ከሱቅ በገዛሁት ተራ ቢራ ሽንኩርት ቁሌት ሞከርኩና መረረ። የሆፕ ምሬት ውኃው ሲተን አብሮ አይተንም፤ ይጠራቀማል። የስንዴ ቢራ ሆፑ ጥቂት ስለሆነ ነው ድስት የሚችለው።

የመጨረሻውን ጠርሙስ ይዤ ከእናቴ ቤት ጀርባ ወዳለው፣ በእንጨት ጫፍ ጣሳ ወደተደፋበት ጠላ ቤት ገባሁ። ብርሌ የለ፣ የዋጋ ዝርዝር የለ፤ ጣሳው ሳይጎድል ይሞላል። ባለቤትዋ ጉሹን ቀዳችልኝ፣ እኔም የእኔን ጉሽ ቀዳሁላት። አየችው፣ አሸተተችው፣ አንድ ጊዜ ተጎነጨችና ትንሽ አሰበች።

«ልጄ፣ ጌሾ አንሶታል» አለች።

ሁለተኛ ተጎነጨች። ጠርሙሱን ግን አልመለሰችልኝም።