«ፓክድ ነው» ተብዬ የገዛሁት ሃርድ ዲስክ 31 ሺህ ሰዓት ሠርቷል

ዴስክቶፓችሁ ላይ ሁለተኛውን ሃርድ ዲስክ ልትቀይሩ ካሰባችሁ ይህችን አንብባችሁ ውጡ። እኔ ተሸውጃለሁ።

የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። ዊንዶውሱ ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ዲስክ ላይ ነው፤ ቪዲዮው ሁሉ ግን ዲ ድራይቭ ላይ፣ ባለ 2 ቴራ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ባለፈው ወር ይኸው ዲስክ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። ሳይሞት ልቅደመው ብዬ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። አንዱ ጋ የሲጌት ኩባንያን ኤክሶስ የተባለ ባለ 8 ቴራ ዲስክ አገኘሁ፤ ዋጋው ሌሎቹ ከጠሩት በሲሶ ያህል ያንሳል። መጠርጠር የነበረብኝ እዚህ ጋ ነበር።

«ወንድሜ፣ ፓክድ ነው፤ ራስህ ቅደደው» አለኝ። ቀደድኩት። ብርማው ከረጢት በደንብ ታሽጓል፣ ዲስኩም ያብረቀርቃል። ሳልጠይቀው ሰክቶ ክሪስታልዲስክኢንፎን፣ የዲስክ ጤንነት የሚያሳየውን ፕሮግራም፣ ከፈተልኝ። ጤንነቱ «ጉድ» (ጥሩ)፣ የሠራበት ሰዓት 0። ከዚህ በላይ ምን ልበል? ከፈልኩ።

መቀየሩ ራሱ ከባድ አይደለም። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ከሶኬት መንቀል፣ የኬዙን ጎን መክፈት፣ ሳታ የሚባለውን የዳታ ገመድና የፓወሩን ገመድ መሰካት፣ አራት ብሎን ማሰር፣ አለቀ። የዊንዶውሱ ዲስክ ማኔጅመንት የዲስኩ አከፋፈል በጂፒቲ ይሁን በኤምቢአር ብሎ ሲጠይቃችሁ ጂፒቲን ምረጡ፤ ኤምቢአር ከ2 ቴራ በላይ ያለውን ቦታ አይጠቀምበትም።

ካቻቢቴ ይዤ ቁጭ ስል ነው የነቃሁት። የብሎን ቀዳዳው ዙሪያ ክብ ሆኖ ተፍቋል። የሳታው መሰኪያ ወርቃማ ጥርሶች ላይም ጭረት አለ፤ ሱቅ ውስጥ አንዴ ብቻ የተሰካ ዕቃ እንዲህ አይጫርም። የሱቁ የዋስትና ስቲከር ደግሞ አንዱ ቀዳዳ ላይ ተለጥፏል። ብሎኑን ለማስገባት የግድ መቅደድ አለብህ! ይህንን ያሰበ ሰው ጭንቅላቱ ይሠራል።

ከዚያ መቆፈር ጀመርኩ። ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚያሳየን ዲስኩ ስለራሱ የሚይዘውን፣ ስማርት የሚባለውን መዝገብ ነው። እሱን ዜሮ ማድረግ ለሚችልበት ሰው ይቻላል። የሲጌት ዲስኮች ውስጥ ግን ፋርም የሚባል ሌላ መዝገብ አለ፤ እሱን የማይነኩ አጭበርባሪዎች አሉ። ስማርትሞንቱልስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ከ7.4 ቨርዥኑ ጀምሮ ያነበዋል። አነበብኩት፦ 31 ሺህ ሰዓት ከምናምን። ዓመት 8,760 ሰዓት ነው። «አዲሱ» ዲስኬ ቀንና ሌሊት ሦስት ዓመት ተኩል ሲሽከረከር ኖሯል ማለት ነው።

ነገሩ የኛ ሰፈር ብልጠት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በፈረንጆቹ 2025 መጀመሪያ ላይ ሃይሰ የተባለው የጀርመን የቴክኖሎጂ ዜና አውታር ያገለገሉ የሲጌት ዲስኮች ሰዓታቸው ዜሮ ተደርጎ እንደ አዲስ ሲሸጡ ደርሶበታል። የተያዙትም በፋርም ነው። ምንጫቸው ቻይና ውስጥ ቺያ የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ (ክሪፕቶ) ሲያመርቱ የነበሩ ማዕከላት ናቸው ተብሎ ተጠርጥሯል፤ ቺያ የሚመረተው በሃርድ ዲስክ ቦታ ነውና። ሲጌት በበኩሉ እነዚህን ዲስኮች ለነጋዴ አልሸጥኩም ብሏል። የኔው ከየት እንደመጣ ግን እግዜር ይወቀው።

በማግስቱ ይዤው ተመለስኩ። ያ «ወንድሜ» ሲለኝ የነበረ ሰው ቀና ብሎም አላየኝም። «ስቲከሩ ተቀዷል፣ ዋስትና የለውም።» ደረሰኜን አወጣሁ። «ሃርድ ዲስክ፣ 1» ይላል። ሲሪያል ቁጥር የለ፣ አዲስ ነው የሚል ቃል የለ። በምን ልከራከር?

ስለዚህ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ሲሪያል ቁጥሩና «አዲስ» የሚለው ቃል ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ስቲከር ቀዳዳ ላይ ካያችሁ አስነሱት። ዲስኩ ሲጌት ከሆነ ፋርሙን እዚያው፣ በራሳችሁ ላፕቶፕ አንብቡ። ሻጩ «ጊዜ የለኝም» ካለ እናንተም ብር የላችሁም።

አንድ ነገር ብቻ ተርፎልኛል። ሻጩ ስገዛ «አሮጌውን አምጣና ዋጋው ላይ ላስብልህ» ብሎኝ ነበር፤ ገና ስላልገለበጥኩት ነው እንጂ እሰጠው ነበር። ፎርማት አድርጌ ብሰጠውስ? ፈጣኑ ፎርማት ፋይሉን አያጠፋውም፤ የሰው ሰርግ በሙሉ ሱቅ ውስጥ ይቀር ነበር። አሁን ሁሉም ቪዲዮ ሁለቱም ዲስኮች ላይ አንድ አንድ ኮፒ አለው። ሌላ ዲስክ እስክገዛ የትኛው ቀድሞ እንደሚሞት እየጠበቅኩ ነው።