የሞዴል ጭነት ፉርጎ ልትገዙ ነው? ከሳጥኑ በፊት ዓመቱን ምረጡ

ከዓመታት በፊት አንድ ክፍት ፉርጎ በላሜራ ሞላሁ። እስከ ጠርዙ ደረደርኩት፣ ዝገት አስመስዬ ቀባሁት፣ ከዚያ ለአንድ ወዳጄ በኩራት አሳየሁት። ቀረብ ብሎ አየውና «ይሄ እኮ ሐዲዱን ሰብሮ ይገባል» አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ሳቅኩ። ማታ ካልኩሌተር ይዤ ስቀመጥ ግን ሳቄ ጠፋ። እውነተኛው ፉርጎ የሚችለው 50 የአሜሪካ ቶን ነው፤ 45 ሺህ ኪሎ ገደማ። ወለሉ 12 ሜትር በ2.9 ሜትር ይሆናል። ብረት በሜትር ኩብ 7,850 ኪሎ ይመዝናል። ላሜራው ወለሉ ላይ እኩል ቢነጠፍ ከፍታው 16 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው ማለት ነው። በሞዴሉ ልክ 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። እኔ የቆለልኩት ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ነበር።

ፉርጎው ራሱ እንከን አይወጣለትም። ብዙ ገንዘብ የወጣበት፣ ልኩን የጠበቀ ነበር። ያዋረደው ጭነቱ ነው። ለዚህ ነው እዚህ ፉርጎና ጭነትን ለያይቼ የማላወራው።

የማወራው ስለ አሜሪካ የጭነት ፉርጎዎች ነው፤ በተለይ ከ1920ዎቹ እስከ 1960ዎቹ ስለነበሩት። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ልኬቱ ኤችኦ ነው፤ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ። 40 ጫማ የነበረው ዝግ ፉርጎ በዚህ ልኬት 14 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በኤን (1 ለ160) 7.6 ሴንቲ ሜትር፣ በአሜሪካው ኦ (1 ለ48) ደግሞ 25 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ኤን ቦታ ይቆጥባል። በኦ ጥቃቅኑ ሁሉ ይታያል። ለዘመኑ ታማኝ የሆነ ፉርጎ እንደ ልብ የሚመረጠው ግን በኤችኦ ነው።

መጀመሪያ ዓመቱ

ፉርጎ «ትክክል ነው» የሚባለው ለሆነ ዓመት ነው። ዓመት ሳይመርጥ የሚገዛ ሰው የሚያምረውን ሁሉ ይሰበስብና በኋላ አንድ ባቡር ላይ መቀጠል ያቅተዋል። እኔም በዚህ መንገድ አልፌያለሁ።

ፑልማን ስታንዳርድ የሚባለው ፋብሪካ የሠራውን ፒኤስ-1 ዝግ ፉርጎ እንውሰድ። ማምረት የተጀመረው በ1947 ነው፤ ከ100 ሺህ በላይ ተሠርቷል። ስለዚህ ሞዴሉም በሽ ነው። የምትሠሩት 1938ን ከሆነ ግን ፒኤስ-1 ገና አልተወለደም። የፔንሲልቬንያ የባቡር ኩባንያ ኤክስ29 ደግሞ ከ1924 ጀምሮ አለ። ለ1938ም ለ1950ም ይሆናል። ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሟቸውና ጣሪያቸውን እዩ። በሞዴል እንኳ ወደ 7 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ የቁመት ልዩነት አላቸው። የዚያን ዘመን ባቡር ከሩቅ የሚያስለየው ይሄ ወጣ ገባ ጣሪያ ነው። ሁሉም ፉርጎ እኩል ከሆነ ባቡሩ አሻንጉሊት ይመስላል።

ሳጥኑ ላይ የማይጻፉ ነገሮችም አሉ። ፉርጎውን ገልብጣችሁ ፍሬኑን እዩ። ኬ የሚባለው የድሮው ፍሬን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ላይ የተያያዘ ዕቃ ነው። ኤቢ የሚባለው ሲሊንደሩ፣ የአየር ታንኩና ቫልቩ በየፊናቸው የተሰቀሉ ናቸው። ኤቢ ከ1933 ጀምሮ ለአዲስ ፉርጎ ግዴታ ሆነ። ከ1953 በኋላ ደግሞ ኬ ያለው ፉርጎ ከአንዱ ኩባንያ ሐዲድ ወደ ሌላው መሻገር ተከለከለ። ወደ ጣሪያው እንውጣ። ሠራተኛ የሚሄድበት መራመጃ ከ1966 ጀምሮ አዲስ በሚሠሩ ዝግ ፉርጎዎች ላይ ቀርቷል። ጎኑ ላይ ባለቀለም መስመሮች የተደረደሩባት ትንሽ ሰሌዳ ካለች፣ ያቺ በስካነር የምትነበብ መለያ ነች፤ ከ1967 በፊት አልነበረችም።

ከሁሉ የሚቀለው ግን ጽሑፉን ማንበብ ነው። የተሠራበት ወርና ዓመት፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተመዘነበት ቦታና ቀን ጎኑ ላይ ተጽፏል። 1948ን እየሠራችሁ «1952 ተሠራ» የሚል ፉርጎ ገዝታችሁ ከሆነ ማንንም መውቀስ አትችሉም። በአጉሊ መነጽር እዩት።

አንድ ወጥመድ ላስጠንቅቅ። የሞዴል አምራቾች አንድ የፉርጎ አካል ይሠሩና የሃያ የባቡር ኩባንያ ቀለም ይቀቡታል። ከሃያዎቹ አንዳንዶቹ እንዲህ ዓይነት ፉርጎ ኖሯቸው አያውቅም። ቀለሙ ልክ፣ ጽሑፉ ልክ፣ አካሉ የሌላ ሰው። ከመግዛታችሁ በፊት የእውነተኛውን ፉርጎ ፎቶ ፈልጉ። የጫፉን ግድግዳ ቅርጽ፣ የበሩን ስፋትና ጣሪያውን አመሳክሩ። ሦስቱ ከገጠሙ ግዙ።

የትኛው ዓይነት?

ተሠርቶ ያለቀ። ከሳጥን አውጥታችሁ ሐዲድ ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ አለቀ። ካዲ፣ ታንጀንትና ራፒዶ የሚባሉት የሞዴል አምራቾች ፉርጎዎች (ለምሳሌ የካዲ ፒኤስ-1) ዛሬ የደረሱበትን ሳይ፣ እኔ ሌሊት ተቀምጬ የሠራሁትን ያስንቁኛል። መሰላሉ ቀጭን ነው፣ ሠራተኛ የሚጨብጠው መያዣ ሽቦ ነው፣ ጽሑፉ ይነበባል። ጉዳቱ ሁለት ነው። ዋጋው ይከብዳል። ደግሞም ብዙዎቹ በተወሰነ ቁጥር ይመረቱና ያልቃሉ፤ ዛሬ ያያችሁት የፉርጎ ቁጥር ከሦስት ወር በኋላ ላይገኝ ይችላል። የምትፈልጉት ፉርጎ በዚህ መልክ ካለ፣ አቅምም ካላችሁ፣ ሌላ አትፈልጉ። በእጅ መሥራት ክብር ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ግን ጊዜዬን ጭነቱ ላይ ባጠፋው ይሻለኛል።

ቀላል የፕላስቲክ ኪት። ኪት ማለት ራሳችሁ የምትገጣጥሙት ነው፤ ይሄኛው አኩሬይል የሚባለው አምራች የሚያወጣው ዓይነት ነው። አንድ ማታ በቂ ነው። መያዣዎቹና መሰላሎቹ ከግድግዳው ጋር አብረው የተቀረጹ ናቸው፤ ቀረብ ብሎ ለሚያይ ይህ ያስታውቃል። አርባ ፉርጎ ባለው ባቡር መሐል ግን ማንም አያየውም። ርካሽ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ልጅ ቢነካውም አይረግፍም። ብዛት ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ የለም። ድፍረት ያለው ሰው ደግሞ የተቀረጸውን መያዣ በስለት ፍቆ በሽቦ ይተካዋል።

ዝርዝር ያለው የፕላስቲክ ኪት። ቲቺ የሚባለው አምራች ኪት ጥሩ ምሳሌ ነው። ብዙ ጥቃቅን ቁርጥራጭ አለው፤ ወረንጦና ትዕግሥት ይጠይቃል። አንዲት የፍሬን ዘንግ ከእጃችሁ ካመለጠች ምንጣፉ ውጧታል፣ አትፈልጓት። የሚገኘው ውጤት ግን ተሠርቶ ካለቀው ጋር ይወዳደራል፤ ዋጋውም በጣም ያነሰ ነው። ፉርጎ እንዴት እንደሚሠራ መማር ለሚፈልግ ሰው የመጀመሪያ ምክሬ ይሄ ነው። ሁለት ሠርታችሁ ስትጨርሱ የፍሬኑ ዘንግ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ በቃላችሁ ታውቁታላችሁ።

ሬዚን። ዌስተርፊልድንና ፈናሮ እና ካመርሌንጎን የመሳሰሉ ትንንሽ አምራቾች፣ ትልቆቹ የማይነኳቸውን ፉርጎዎች በሬዚን፣ ማለትም ፈሳሽ ሆኖ ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ በሚጠነክር ነገር፣ ያወጣሉ። የአንድ ኩባንያ ብቻ የነበረ፣ በጥቂት መቶዎች የተሠራ፣ መልኩ ለየት ያለ ፉርጎ ካማራችሁ መንገዱ ይሄ ነው። ግን ዓይናችሁን ገልጣችሁ ግቡ። የፕላስቲክ ማጣበቂያ እዚህ አይሠራም፤ እሱ ፕላስቲኩን አሟሙቶ ነው የሚያጣብቀው። ሱፐር ግሉ ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ስህተት አይምርም። የመያዣዎቹን ቀዳዳ በ0.35 ሚሊ ሜትር መብሻ በእጅ ትበሳላችሁ። ብናኙ ለሳንባ ጥሩ አይደለም፤ በብርጭቆ ወረቀት ስትፍቁ ውሃ ነክራችሁ ፍቁ፣ አፍንጫችሁንም ሸፍኑ። ቀለሙም ጽሑፉም የእናንተ ሥራ ነው። ሁለት ዓይነት ኪት አለ፤ አካሉ አንድ ወጥ ሆኖ የተቀረጸና ግድግዳዎቹ ተለያይተው የሚመጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ወጡን ግዙ። እኔ ያልገዛሁት ነገር ቢኖር ይህን ምክር ነው። የመጀመሪያዬ በአራት የተለያዩ ግድግዳዎች መጣ፤ ዛሬም አንዱ ማዕዘኑ ወደ ግራ ያጋደለ ነው።

ባለሦስት አውታር (3ዲ) ሕትመት። ለትርፍ ክፍሎችና ለጭነት ግሩም ነው። ሙሉ ፉርጎ ሲሆን ጥራቱ እንደ አታሚው ይለያያል። ሻጩን ያልተቀባ ዕቃ ፎቶ ጠይቁት፤ የሕትመቱ መስመር በጣሪያው ላይ ከታየ ተዉት።

ከናስ የተሠራ ፉርጎ የሚሰበሰብ ዕቃ ነው። ያምራል፣ ዋጋው አይነካም፣ ባቡር ላይ ለመቀጠል ልብ አይደፍርም።

በየትኛውም ብትሄዱ የብረት ጎማ ይሁንለት፤ የፕላስቲኩ ሐዲዱን ያቆሽሻል። ክብደቱንም አትርሱ። የአሜሪካ ሞዴል ባቡር ማኅበር ለኤችኦ ያወጣው ምክር 28 ግራም መነሻ፣ ለእያንዳንዱ ኢንች ርዝመት ደግሞ 14 ግራም ነው። ለ40 ጫማ ፉርጎ ወደ 105 ግራም ይመጣል። ዝግ ፉርጎ ውስጥ ክብደት መደበቅ ቀላል ነው። ባዶ ጠፍጣፋ ፉርጎ ግን የት ይደብቀዋል? ጭነቱ እዚህ ላይ ያድናችኋል።

ጭነቱ

ከድንጋይ ከሰል ልጀምር፤ ስህተቱ እዚያ ነው የሚበዛው። ተቀርጾ የሚሸጠው የፕላስቲክ ወይም የሬዚን ጭነት ንጹሕ ነው፣ ይነሣል፣ ይመለሳል። ችግሩ ሁሉም መንትያ መሆናቸው ነው። አስር ፉርጎ ላይ ያው ጉብታ በያው ቦታ ሲደገም ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። ግማሾቹን አዙራችሁ ብትጭኗቸው ትንሽ ይሻላል። የእኔ ምርጫ እውነተኛውን ከሰል ቀጥቅጦ፣ በወንፊት ነፍቶ፣ በፎም ላይ በቀጠነ ነጭ ሙጫ መለጠፍ ነው። ከሰልን ከሰል የሚያህለው የለም።

ልኩን ግን ጠብቁ። የፔንሲልቬንያ አንትራሳይት (ጠንካራው) ከሰል በመጠን ተለይቶ ነበር የሚሸጠው። «ደረት ነት» የሚባለው መጠን ትልቁ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በኤችኦ ግማሽ ሚሊ ሜትር። ስሙ «እንቁላል» የሆነው ከፍ ያለው መጠን እንኳ 1 ሚሊ ሜትር አይሞላም። 3 ሚሊ ሜትር ጠጠር ብትጭኑ 26 ሴንቲ ሜትር ቋጥኝ ጫናችሁ ማለት ነው። እንዲህ የሚተልቅ ከሰል ሳይለይ ከጉድጓዱ እንደወጣ ከተጫነ ለስላሳ ከሰል መሐል አልፎ አልፎ ቢገኝ ያስኬዳል፤ ለቤት ማሞቂያ ተነፍቶ በተለየ አንትራሳይት ላይ ግን አይሆንም።

የብረት ማዕድን ሌላ ጉዳይ ነው። ከከሰል ሦስት እጥፍ ያህል ይከብዳል። የከሰል ፉርጎ ውስጥ ከጫናችሁት ሲሶው ብቻ ነው መሞላት ያለበት። የማዕድን ፉርጎዎች አጫጭር የሆኑትም በዚህ ነው። እውነተኛ ማዕድን ፈጭታችሁ ለመጠቀም ካሰባችሁ መጀመሪያ ማግኔት አስጠጉት። ከሳበው ተዉት፤ ብናኙ ሞተር ውስጥ ይገባል።

ጣውላ። በፕላስቲክ ወይም በወረቀት የተጠቀለለ፣ የፋብሪካ ስም ያለበት የጣውላ እሽግ ያምራል። ለ1948 ግን ፍጹም አይሆንም። ያኔ የደረቀ ጣውላ አብዛኛውን ጊዜ በዝግ ፉርጎ ውስጥ በእጅ አንድ በአንድ ይደረደር ነበር። በጠፍጣፋ ፉርጎ ሲሄድ ልቅ ሆኖ፣ በጎንና ጎን በቋሚ እንጨት ተደግፎ ነው። ስለዚህ ለዚህ ዘመን የታሸገ ጭነት ገዝታችሁ ገንዘብ አታባክኑ። በልክ የተሰነጠቀ ቀጭን እንጨት ገዝታችሁ ራሳችሁ ደርድሩ። ቁመቱ አንድ ዓይነት አይሁን፣ ጫፉ ወጣ ገባ ይበል።

ላሜራ፣ ቱቦና ማሽን ላይ የምለው አንድ ነው፤ ማሰሪያው ከጭነቱ ይበልጣል። ከሥሩ መደገፊያ እንጨት፣ ከጎኑ ሽብልቅ፣ ከላይ ሽቦ ወይም የብረት ቀበቶ ከሌለ ባቡሩ ገና ሲነሣ ዕቃው ይወድቃል። ተሠርተው የሚሸጡ ብዙ ትራክተሮች ያለ ምንም ማሰሪያ ነው የሚመጡት። ላሜራውን ከእውነተኛ ቀጭን ብረት ብትቆርጡት ደግሞ ያ የጠፋው ክብደት ተገኘ።

ጭነት ሁሉ ተነሺ ይሁን። ከሰል የተሞላ ፉርጎ ወደ ከሰል ማውጫው ሲመለስ ማየት ያስቃል። ፎሙ ውስጥ ቁራጭ ሚስማር ቅበሩና በማግኔት አንሱት።

ዝግ ፉርጎም ጭነቱ አይታይም ብላችሁ አትለፉት። ልዩ ሆፐሮች (ከሥራቸው ተከፍተው የሚራገፉ ፉርጎዎች) በ1960ዎቹ እስኪስፋፉ ድረስ እህል የሚጓዘው በዝግ ፉርጎ ነበር፤ እህሉ እንዳይፈስ በሩ ከውስጥ በሳንቃ ይዘጋል። በሩን ትንሽ ከፍታችሁ ሁለት ሳንቃ ብታሳዩ፣ ጎኑ ላይ በጠመኔ የተጫረ ምልክት ብታክሉበት፣ ምንም ሳታወጡ ፉርጎው ታሪክ ያወራል።

አሁን ለ1948 አስር ፉርጎ ግዛ ብባል እንዲህ አደርጋለሁ። ዝግ ፉርጎ ሀገር አቋራጭ ስለሆነ ከየትም ኩባንያ ሊመጣ ይችላል፤ ስድስቱ እሱ ይሆናሉ። ከስድስቱ ሁለቱ ኤክስ29 ይሁኑ፣ ፔንሲልቬንያ ትልቁ የፉርጎ ባለቤት ነበርና። አንድ ፒኤስ-1 ብቻ፣ አዲስና ንጹሕ፣ ገና አንድ ዓመቱ ነው። ሦስቱ ከቀላል ኪት። የከሰል ሆፐር ግን ከአካባቢው ብዙ አይርቅም፤ ስለዚህ ሁለቱም ሆፐሮች ከምሠራው መስመር ኩባንያ ይሆናሉ፣ አንዱ ባዶ። አንድ ጠፍጣፋ ከልቅ ጣውላ ጋር፣ ከቲቺ ኪት። አሥረኛው ክፍት ፉርጎ ነው፤ ላሜራ ጭኖ፣ 2 ሚሊ ሜትር።