እጅ የማይጨበጥባት የፒያሳዋ ቡና ቤት

ጎንደር ፒያሳ፣ ከፋሲል ግንብ ብዙም ሳይርቅ አንዲት ትንሽ የጀበና ቡና ቤት አለች። ከኮሮና ጊዜ ጀምሮ እናቴን ይዤ ያለ ስጋት የምገባው እዚያ ነው።

በ2012 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጨባበጥ ተከልክሎ ነበር። አዋጁ ሲያበቃ ብዙ ቤት ወደ ድሮው ተመለሰ። እኛ አገር ሰላምታ ቀላል ነገር አይደለም። እጅ ይያዛል፣ ትከሻ ይገጫል፣ ጉንጭ ይሳማል። እጁን የሰበሰበ ሰው ኩርፊያ ላይ ያለ ይመስላል። እዚያ ሰፈር ባለ ሌላ ካፌ አስተናጋጁ እጁን ዘርግቶልኝ አንገቴን ዝቅ አድርጌ ሰላም ስለው ፊቱ ተለዋወጠ። እኔም ከፋኝ።

የቡና ቤቷ ባለቤት ግን ይህን ጭንቀት ታቃልላለች። ገና ከበር እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ ትላለች። «እማማ፣ እንዴት ዋሉ? ልጆች ደህና ናቸው? ጤናዎስ?» እያለች ረጅሙን ሰላምታ ሳታጓድል ትጨርሳለች። እናቴ መሳም ባይኖርም አክብሮቱን አገኘችው። አንድ አዛውንት ሊያቅፏት ሲነሱ «አባባ፣ ለእርስዎ ሰግቼ ነው» ብላ ውሃና ሳሙና አቀረበችላቸው። ደስ ብሏቸው ታጠቡ።

አቦሉ ወፍራም ነው፣ ፈንዲሻውም ትኩስ። ሲኒው በፈላ ውሃ ይለቀለቃል።

የማልወደው ዱካዎቹ መጠጋጋታቸውን ነው። ሁለቱ ቢነሱ ይሻላል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የመታጠቢያው ጀሪካን ባዶ ሆኖ ይገኛል። አረጋውያን ይዛችሁ የምትሄዱ በጠዋት ሂዱ፣ በረንዳው ላይ ተቀመጡ።