ሥራ ለምትመለስ እናት፦ የጡት ማለቢያ፣ የወተት ማስቀመጫና የመመገቢያ ዕቃዎች ንጽጽር

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 90 ቀናት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ሕፃን 6 ወር እስኪሞላው ድረስ ከእናት ጡት ወተት በቀር ውኃም ቢሆን እንዳይሰጠው ይመክራል። በመካከል ያሉትን ሦስት ወራት የሚሸፍነው እናት በሥራ ቦታዋ አልባ ወደ ቤት የምታመጣው፣ አያት ወይም ሞግዚት ደግሞ በማግስቱ የሚመግቡት ወተት ነው። ብዙ ገዢዎች መጀመሪያ ማለቢያውን መርጠው ገንዘባቸውን እዚያ ላይ ከጨረሱ በኋላ ስለ ማቀዝቀዣውና ስለ መመገቢያው ያስባሉ። እኔ ግን ወተት የሚበላሸውም ሆነ የሚባክነው በአብዛኛው ከታለበ በኋላ ስለሆነ ማለቢያው በመጨረሻ መመረጥ አለበት ባይ ነኝ፤ እናቲቱ ስንት ሰዓት እንደምትርቅ፣ መሥሪያ ቤቷ ፍሪጅ እንዳለውና ቤት ውስጥ የሚመግበው ማን እንደሆነ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

መመገቢያው፦ ኩባያ ወይስ ጡጦ

ጡጦ የተለመደ በመሆኑ ብዙዎች ሳያመዛዝኑ ይገዙታል። ይሁን እንጂ ትንሽና አፉ ለስላሳ የሆነ ኩባያ ገና ከተወለዱ ጥቂት ሳምንታት ለሆናቸው ሕፃናት እንኳ ያገለግላል። ሕፃኑ ጭን ላይ ቀና ተደርጎ ይያዛል፣ የኩባያው ጠርዝ የታችኛው ከንፈሩ ላይ ያርፋል፣ ወተቱ ከንፈሩን እስኪነካ ድረስ ኩባያው ዘንበል ይላል፤ ሕፃኑ ራሱ እየላሰ ወይም ፉት እያለ ይወስደዋል እንጂ ወተቱ አፉ ውስጥ አይንቆረቆርም። የኩባያ ትልቁ ጥቅም ንጽሕናው ነው። ስንጥቅና ጎድጓዳ ስለሌለው በሳሙናና በንጹሕ ውኃ በአንድ ጊዜ ይጸዳል፤ በአንጻሩ የጡጦ ጎማ፣ ቀለበትና አንገት ወተት የሚደበቅባቸው ቦታዎች ናቸው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ልዩነት ከዋጋም በላይ ይመዝናል። ጉዳቱ ወተት የሚፈስ መሆኑና የሚመግበው ሰው እስኪለምድ ትዕግሥት የሚጠይቅ መሆኑ ነው።

ጡጦ የሚሻልበት ሁኔታም አለ። አንዲት ሞግዚት ብዙ ልጆች በምትይዝበት ማቆያ ኩባያ አስቸጋሪ ነው፤ አንዳንድ ማቆያዎችም ጡጦ ብቻ ይቀበላሉ። ያኔ ወተት ቀስ ብሎ የሚያወርድ ጎማ መግዛትና አመጋገቡንም መቆጣጠር ይገባል፤ ሕፃኑ ቀና ብሎ ይቀመጣል፣ ጡጦው ወደ አግድም ይያዛል፣ በየመሐሉም እረፍት ይሰጠዋል። አስተኝቶ ጡጦውን በትራስ ማስደገፍ ለመታነቅ ስለሚያጋልጥ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ወተት በፍጥነት ሲወርድለት የለመደ ሕፃን ማታ ጡት ሲሰጠው ሊነጫነጭ ስለሚችል የጎማው ምርጫ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

የትኛውም ቢመረጥ ወተቱ የሚሞቀው ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ተቀምጦ እንጂ በቀጥታ እሳት ላይ ወይም በማይክሮዌቭ አይደለም። ላይ ላዩ ላይ ቅባት ቢንሳፈፍ የተበላሸ አይደለም፤ በቀስታ ማዟዟር ይበቃል። ሕፃኑ ጠጥቶ ያስተረፈው በ2 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ መደፋት አለበት። አያት የሚመግቡ ከሆነ ደግሞ ስለ አብሽ ውኃና ስለ ቅቤ አስቀድሞ በአክብሮት መነጋገር ያስፈልጋል፤ እሳቸው ልጆቻቸውን በዚያ መንገድ ያሳደጉ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ጤና ባለሙያ ባለበት ቢነገራቸው በቀላሉ ይቀበሉታል።

ማስቀመጫው

አዲስ የታለበ ወተት ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል እስከ 4 ሰዓት፣ በ4 ዲግሪ ፍሪጅ እስከ 4 ቀን፣ በበረዶ ቤት ደግሞ 6 ወር ገደማ በጥሩ ሁኔታ ይቆያል። የአዲስ አበባ አየር ለዚህ ይመቻል፤ ድሬዳዋ ላይ ግን በ4 ሰዓቱ መተማመን አይቻልም። ስለዚህ ፍሪጅ በሌለው መሥሪያ ቤት ለምትሠራ እናት ከሁሉ በፊት የሚገዛው የቀዘቀዙ የበረዶ እሽጎች ያሉት ሙቀት የማያስገባ ቦርሳ ነው፤ በውስጡ ወተት እስከ 24 ሰዓት ስለሚቆይ የታክሲ ሰልፉንም ይችላል።

ከዕቃዎቹ መካከል መስታወት ለማጽዳት ቀላልና ጠረን የማይዝ ሲሆን ይከብዳል፣ ይሰበራልም፤ ቢፒኤ የተባለው ኬሚካል የሌለበት ጠንካራ ፕላስቲክ ለመንገድ ይሻላል። ለወተት ተብሎ የተሠራው የላስቲክ ከረጢት በረዶ ቤት ውስጥ ቦታ ይቆጥባል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ስለሆነ ወጪው አያቋርጥም፣ የወተቱ ቅባትም ግድግዳው ላይ ይቀራል። ለዕለታዊ አገልግሎት ከ60 እስከ 90 ሚሊ ሊትር የሚይዙ ትንንሽ ክዳናማ ዕቃዎችን እመርጣለሁ፤ ሕፃኑ በአንድ ጊዜ 90 ወይም 120 ሚሊ ሊትር ቢፈልግ ይጨመርለታል እንጂ ብዙ ሞቆ አይደፋም። ቀን ያልተጻፈበት ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ መግባት የለበትም።

መብራት ሲጠፋ ያልተከፈተ ፍሪጅ 4 ሰዓት፣ የሞላ በረዶ ቤት ደግሞ እስከ 48 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል። መብራት ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበት ሰፈር የብዙ ሳምንት ወተት ማከማቸትን አልመክርም፤ የሁለት ወይም የሦስት ቀን መጠባበቂያ ይበቃል።

ማለቢያው

በእጅ ማለብ ከታጠበ እጅና ከአፈ ሰፊ ንጹሕ ዕቃ ሌላ ወጪ የለውም፤ ግማሽ ቀን ብቻ ለምትርቅ እናት ይበቃል። እንደ ሜዴላ ሃርመኒ ያለው የእጅ ፓምፕ ድምፅ የለውም፣ ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው፣ መብራት አይፈልግም፤ ነገር ግን አንዱን ጡት በየተራ ስለሚያልብ በቀን ሦስት ጊዜ ለምታልብ እጅ ያደክማል። ሁለቱን ጡት አንድ ላይ የሚያልበው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ሥራውን ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ይጨርሳል፤ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ለምትውል ትልቅ እፎይታ ነው። እዚህ ላይ ልዩነቱ ባትሪው ነው፤ ለምሳሌ ስፔክትራ ኤስ 1 የሚሞላ ባትሪ አለው፣ ኤስ 2 ግን ከሶኬት ካልተሰካ አይሠራም። በእኛ የመብራት ሁኔታ ባትሪ ለሌለው ገንዘብ ማውጣት ተገቢ አይመስለኝም። ጡት መያዣ ውስጥ የሚገባው ገመድ አልባ ዓይነት ነጻነት ይሰጣል፣ ሆኖም ውድ ነው፣ የሚይዘው ወተት ውስን ነው፣ በትክክል መቀመጡንም ለማየት ያስቸግራል፤ ስለዚህ ብቸኛ ማለቢያ ባይሆን እመርጣለሁ።

ከአሜሪካ በዘመድ የሚላኩ ፓምፖች ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃሉ። የዚያ አገር ኤሌክትሪክ 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ስለሆነ ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 መጻፉ ሳይረጋገጥ መሰካት የለበትም። ከእህት ወይም ከጓደኛ የሚገኝ ያገለገለ ፓምፕም እንዲሁ ነው፤ ወተት ወደ ሞተሩ እንዳይገባ የሚከለክል ማገጃ የሌለው ዓይነት ውስጡ ሊጸዳ ስለማይችል፣ ቧንቧውና ክፍሎቹ ቢለወጡ እንኳ ለሌላ እናት አይሆንም። ጡት ላይ የሚገጠመው ሾጣጣ ክፍል መጠንም ይለያያል፤ በብዙ ካርቶኖች ውስጥ የሚመጣው 24 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የጡት ጫፍን የሚያሻሽ ወይም የሚያሳምም ከሆነ ለሕመሙ መፍትሔው መጠኑን መለወጥ እንጂ መታገሥ አይደለም።

ከእያንዳንዱ ማለብ በኋላ ወተት የነካቸው ክፍሎች ለዚህ ብቻ በተለየ ሳፋ መታጠብና በንጹሕ ጨርቅ ላይ በአየር መድረቅ አለባቸው። ለመቀቀል የሚመከረው 5 ደቂቃ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ጥቂት ደቂቃ መጨመር ይመረጣል።

ለማን የትኛው

ሕፃኑን አያት ለሚይዙላትና ከጠዋት እስከ ማታ ለምትርቅ የቢሮ ሠራተኛ ኩባያ፣ ትንንሽ ክዳናማ ዕቃዎች፣ የበረዶ ቦርሳና ባትሪ ያለው ጥንድ ፓምፕ ይስማማሉ፤ ገንዘቡ ካልበቃ የሚቀነሰው ከፓምፑ ነው፣ የእጅ ፓምፕ ይተካዋልና። አስተማሪ ሆና በምሳ ሰዓት ቤት ለምትደርስ የእጅ ፓምፕ ብቻውን ይበቃል። መሥሪያ ቤቷ የሕፃናት ማቆያ ያለው እናት ደግሞ በእረፍት ሰዓት ወርዳ ማጥባት ስለምትችል፣ ማቆያው በኩባያ ይመግብ እንደሆነ፣ ወተቱን የት እንደሚያስቀምጥና የየልጁን ዕቃ በምን እንደሚለይ ሳትጠይቅ ምንም ባትገዛ ይሻላል።