ናፍጣ ወይስ ቤንዚን? ሁለቱንም ቫን ለዴሊቨሪ ሥራ ነድቻቸዋለሁ

ለዴሊቨሪ ሥራ ቫን ልትገዙ ነው? እንግዲያው «በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ከሚለው ጥያቄ አትጀምሩ። ሁሉም ሰው የሚጀምረው ከዚያ ነው፣ እኔም የጀመርኩት ከዚያ ነው፣ ደህና አድርጎ አስከፍሎኛል። መጀመሪያ ቁጠሩት የምለው ሌላ ነገር ነው፦ በቀን ስንት ጊዜ ሞተር ታጠፋላችሁ? ከአንዱ ደንበኛ በር እስከሚቀጥለው ስንት ደቂቃ ትነዳላችሁ?

ሦስት ዓመት የናፍጣ ቫን ነዳሁ። አሁን በቤንዚን ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሥራው ያው ነው፣ ጠዋት መጫን፣ ከተማ ውስጥ 60 እና 70 ቦታ ማድረስ፣ ማታ ባዶውን መመለስ።

ከናፍጣው ልጀምር፣ ምክንያቱም ሳልወደው አልቀረሁም። ጉልበቱ ሌላ ነው። የናፍጣ ሞተር ገና በደቂቃ 2,000 ዙር ሳይሞላ ጉልበቱን ስለሚሰጥ፣ ቫኑ እስከ ጣሪያው ተጭኖ ዳገት መሃል ቆሞ ሲነሳ እንኳ ፍሪሲዮን ማቃጠል የለም፣ ነዳጅ እየረገጡ ማስጮህም የለም፣ ዝም ብሎ ይወጣል። ነዳጅም ይቆጥባል። አንድ ሊትር ናፍጣ ራሱ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ከ10 በመቶ በላይ ብልጫ ያለው ኃይል ይይዛል፣ ሞተሩ ደግሞ አየሩን አጥብቆ ስለሚያምቅ ከያዘው ላይ ብዙውን ለሥራ ያውለዋል። በእኔ መስመር ናፍጣው ለ100 ኪሎ ሜትር 9 ሊትር ያህል ነበር የሚበላው፣ ቤንዚኑ 12 ይበላል። በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር ብትነዱ ልዩነቱ 600 ሊትር ነው። ይሄን አይቶ ናፍጣ በሚገዛ ሰው አልፈርድም።

ጉዱ ያለው ማርሚታው ጋ ነው። የዛሬ የናፍጣ ቫኖች ጥቀርሻ የሚይዝ ማጣሪያ አላቸው፣ መካኒኮች ዲፒኤፍ የሚሉት። ማጣሪያው እየሞላ ሲሄድ ሞተሩ ተጨማሪ ናፍጣ ይረጭና ሙቀቱን ወደ 600 ዲግሪ ያደርሰዋል፣ ጥቀርሻውም ተቃጥሎ ጋዝ ሆኖ ይወጣል፣ ጥቂት አመድ ብቻ ይቀራል። ይሄ እንዲያልቅ ግን ፈጠን ባለ መንገድ ላይ ሳያቋርጡ 10፣ 20 ደቂቃ መንዳት ያስፈልጋል። የዴሊቨሪ ሹፌር ይሄን ከየት ያመጣዋል? ማቃጠል ይጀምራል፣ ደርሰናል ብለን ቁልፍ እንነቅላለን፣ ይቋረጣል። ከ3 ደቂቃ በኋላ ያው ነው። ቀኑን ሙሉ እንዲህ።

እኔ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ሞተር አጥፍቼ ዕቃ ይዤ ስወርድ ማራገቢያው ከኮፈኑ ሥር እንደ ወፍጮ ይጮኻል፣ ከሥር የጋለ ብረት ሽታ ይመጣል። ሞተሩ የተቀቀለ መስሎኝ ራዲያተሩን አየሁ፣ ውሃው ሙሉ ነው። አንድ ጠዋት ዘይት ለማየት መለኪያውን ሳወጣ ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ ሄዷል። እኔ አልጨመርኩም፣ ሌላም ሰው አልነካውም። በሁለት ጣቴ አሸሁት፣ ቀጥኗል። አሸተትኩት፣ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ለካ ለማቃጠል የተረጨው ናፍጣ ሁሌ መንገድ ላይ ሲቋረጥ ከፊሉ በሲሊንደሩ ግድግዳ እየወረደ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። እንዲህ የቀጠነ ዘይት ደግሞ ቱርቦውን አያድንም፣ ሌላውንም የሚሽከረከር ብረት አያድንም።

ማጣሪያው ተፈትቶ ታጠበ። ወራት ቆይቶ የማጣሪያው ማስጠንቀቂያ መብራት እንደገና በራ። ከገንዘቡ በላይ ያቃጠለኝ ቫኑ ጋራዥ የቆመባቸው ቀናት ናቸው፣ ደንበኛ ዕቃው ለምን እንደዘገየ ነው የሚጠይቃችሁ፣ ስለ ዲፒኤፍ ምን አገባው።

ሌሎቹን በአጭሩ ልበላቸው። አድብሉ (ጭሱን ለማጽዳት በራሱ ታንክ የሚሞላ ፈሳሽ) የሚጠቀም ናፍጣ ከሆነ እሱንም እየተከታተላችሁ መሙላት አለባችሁ፣ ጨርሶ ካለቀ ሞተሩን አንዴ ካጠፋችሁት አልነሳም ይላል። ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጩት ኢንጀክተሮች እስከ 2,000 ባር በሚደርስ ግፊት የሚሠሩ ስለሆኑ ውሃ የገባበትን ናፍጣ አይምሩም፣ ስለዚህ ፊልትሮው ላይ አትሰስቱ። ሹፌር የምትቀጥሩ ከሆነ ደግሞ የነዳጁ ክዳን ላይ «ናፍጣ» ብላችሁ በትልቁ ጻፉበት። ናፍጣ ታንክ ውስጥ ቤንዚን ከተሞላ ቁልፍ ሳይነካ መቀዳት አለበት፣ ፖምፓው የሚለሰልሰው በናፍጣው ነውና።

ቤንዚኑስ? በጉልበት ያንሳል። ሙሉ ጭነት ይዤ ዳገት ስወጣ ማርሽ መቀነስ ግድ ነው፣ ድምፁም ይጨምራል። ማደያ ቶሎ ቶሎ መግባቱ አሁንም ያናድደኛል። ግን ጠዋት ቶሎ ይሞቃል፣ 70 ጊዜ ባጠፋውና ባስነሳው ምንም አይለኝም። በሁለት ዓመት ውስጥ ዘይት ከነፊልትሮው፣ ካንዴላ እና አንድ ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) ነው የቀየርኩት። ኮይሉን ማንም ሠፈር ውስጥ ያለ መካኒክ ጠዋት ፈትቶ ከምሳ በፊት ይመልሰዋል። አንዳንድ አዳዲስ የቤንዚን ሞተሮችም ማጣሪያ አላቸው፣ ግን የቤንዚን ጭስ የበለጠ ስለሚግልና ጥቀርሻውም ስለሚያንስ እንደ ናፍጣው አያስጨንቅም።

ናፍጣ አትግዙ እያልኩ አይደለም። ከከተማ ከተማ የሚጭን ጓደኛ አለኝ፣ በቀን 300 ኪሎ ሜትር ይነዳል፣ ሁሌም ሙሉ ጭነት ነው። የእሱ ማጣሪያ አውራ ጎዳና ላይ ራሱን ያጸዳል፣ በነዳጅ የሚያተርፈው ደግሞ የትየለሌ ነው። እሱ ቤንዚን ቢገዛ ነበር የምቆጣው።

«ማጣሪያ የሌለው አሮጌ ናፍጣ ልግዛ» የሚልም አይጠፋም። ለማጣሪያው መፍትሔ ነው። ግን ከተሞች መጀመሪያ በር የሚዘጉት በእነዚህ ላይ ነው። ዩሮ የሚባለው የአውሮፓ የጭስ ደረጃ ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ጭሱ ንጹሕ መሆን አለበት። ለንደን ያለ ብክለት ክፍያ ለመግባት ከቤንዚን ቫን ዩሮ 4 ብቻ ነው የምትጠይቀው፣ ከናፍጣ ቫን ግን ዩሮ 6።

ያገለገለ ናፍጣ ልታዩ ስትሄዱ ሻጩን ሞተሩን እንዳያሞቀው ቀድማችሁ ንገሩት፣ ስትደርሱም ኮፈኑን ዳስሳችሁ ቀዝቃዛ መሆኑን እዩ። የዘይት መለኪያውን አውጡ፣ ከምልክቱ በላይ ከሆነ አሽትቱት። ከዚያ የማርሚታውን ጫፍ ውስጡን በጣታችሁ ጥረጉት። ማጣሪያው ደህና ከሆነ ጣታችሁ ንጹሕ ሊባል በሚችል ሁኔታ ይወጣል። ጥቁር ጥቀርሻ ይዞ ከወጣ ማጣሪያው ወይ ተሰንጥቋል ወይ ሆዱ ተቆርጦ ወጥቷል፣ ሻጩ የቱንም ያህል ዋጋ ቢቀንስ ቁልፉን መልሱለት።